የዛፍ መልማይ ሥራ፤ መሣሪያውና ወደ ዛፍ መውጫ ትጥቁ

ዛፍ መትከል ለአገርና ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም በየጊዜው ስለ ተነገረ፣ ዛሬ ችግኝ ትከል ቢባል ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ችግኙ ዐድጎ ከቤት ጣራ በላይ ከሆነ በኋላ ማን እንደሚንከባከበው፣ የደረቀውንና የተሰነጠቀውን ቅርንጫፍ ማን እንደሚያወርደው፣ የሚያወርደውም ሰው በምን መሣሪያና በምን ጥንቃቄ እንደሚሠራ የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ስለ ዛፍ መልማይ ሥራ፣ ስለ መሣሪያዎቹና ወደ ዛፍ ሲወጣ ስለሚታጠቀው ትጥቅ በዝርዝር እንገልጻለን። ትምህርቱ የጎዳና ዛፎችን ለሚያስተዳድሩ ሹማምንት፣ በማሳው ዳር ዛፍ ላለው ገበሬ፣ እንዲሁም በግቢው ውስጥ ጥላ ተክሎ ለሚኖረው የከተማ ሰው ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

1ኛ፤ የሥራው አመጣጥ

ዛፍን መመልመል ለአገራችን ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ለአጥር የሚሆነውን ግራር መከርከም፣ ድርቅ በመጣ ጊዜም ለከብት ቀለብ ቅጠል ማውረድ ከአባቶቻችን የወረስነው ሥራ ነው። በከፋና በሸካ ደን ደግሞ ማር ቈራጮች ቀፎአቸውን በረዣዥም ዛፎች ላይ ሰቅለው ንብ ስለሚያረቡ፣ በገመድ ከፍ ወዳለ ግንድ መውጣትን በልጅነታቸው ይማራሉ። ቀፎ ሰቃዩ በትከሻው ገመዱን፣ በወገቡ ፋሱን ይዞ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ዛፍ የመውጣት ጥበብ ከውጭ አገር ብቻ የመጣ ነው ሊል አይችልም።

ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሞያ ሆኖ በትምህርት መሰጠት የጀመረው ግን በቅርብ ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በኬንት ከተማ የኖረው ጆን ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1901 «የዛፍ ሐኪም» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ዛፍ እንደ ሰውና እንደ እንስሳ የሚታመምና የሚቈስል ሕያው ፍጥረት ስለ ሆነ፣ የሚቈርጠው ሰው ቢላዋ እንደ ጨበጠ ሐኪም እንጂ እንደ ማገዶ ለቃሚ ሊሆን አይገባውም ብሎ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1924ም የሞያው ሰዎች በአሜሪካ ተሰብስበው የጥላ ዛፎች ጉባኤ አቋቋሙ፤ ይህም ጉባኤ ከጊዜ በኋላ የዓለም አቀፍ የዛፍ ባለሞያዎች ማኅበር ሆነ።

በእኛም አገር የሥራው አስፈላጊነት የጨመረው ከከተሞች መስፋፋት ጋር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አዳነ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ሌሎች የደጋ ከተሞች ተዛመተ። የባሕር ዳር ጎዳናዎችም በዘንባባ ተዋቡ። ዛፍና ቤት፣ ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ዛፍና መንገደኛ ጎን ለጎን መኖር ከጀመሩ በኋላ፣ ቅርንጫፍ ወድቆ ሰው እንዳይጎዳ ከግንዱ ላይ ወጥቶ የሚሠራ ሞያተኛ የግድ አስፈላጊ ሆነ።

2ኛ፤ ዛፍ ቊስሉን የሚከላከልበት መንገድ

መልማዩ መሣሪያ ከመያዙ በፊት የዛፍን ጠባይ ማወቅ አለበት። በቀድሞ ዘመን የተቈረጠ ዛፍ ቊስሉ እንደ ሰው ሥጋ ይሽራል ተብሎ ይታመን ነበር። በአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት አሌክስ ሺጎ የተባሉ ሊቅ ግን ብዙ ሺሕ ግንዶችን በመጋዝ ሰንጥቀው ከመረመሩ በኋላ ሌላ ነገር አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልንጀራቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ዛፍ የቈሰለውን ክፍል በግድግዳ እንደሚዘጋ ሰው አጥሮ ይለየዋል፤ ከዚያም በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። አሮጌው ቊስል በውስጥ እንዳለ ይኖራል እንጂ አይጠፋም።

ከዚህ ዕውቀት ሦስት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ቅርንጫፍ ከግንድ በሚገናኝበት ቦታ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ያበጠ ክብ ይታያል፤ ዛፉ ግድግዳውን የሚሠራው በዚህ ቦታ ስለ ሆነ አንገትጌው ፈጽሞ መቈረጥ የለበትም። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨት ለዐይን የሚያምር ቢመስልም፣ ለብስባሽ በር መክፈት ነው። ሁለተኛ፣ ረጅም ጉቶ ማስቀረትም እንዲሁ ጕዳት አለው፤ ጉቶው ደርቆ ይበሰብስና መበስበሱን ወደ ግንዱ ያሻግራል። ሦስተኛ፣ ቀድሞ ይደረግ እንደ ነበረው ቊስሉን ሬንጅ ወይም ቀለም መቀባት፣ ቀዳዳውንም በሲሚንቶ መሙላት ብስባሽን የሚያግድ ሆኖ አልተገኘም፤ ስለዚህ ዛሬ የሞያው ሰዎች ትተውታል።

የዛፉን ዐይነት መለየትም ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍና ወይራ ከጉቶአቸው ያቈጠቍጣሉ። ጽድና የፈረንጅ ጽድ ግን ቅጠል ከሌለበት አሮጌ እንጨት ላይ እንደገና ስለማያቈጠቍጡ፣ በእነርሱ ላይ የሚፈጸም ስሕተት አይታረምም። ዘንባባም ከሁሉ ይለያል። እድገቱ በጫፉ ባለች በአንዲት እምቡጥ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ እርሷ ከተጎዳች ዛፉ ይሞታል፤ ግንዱ ላይ የሚደርሰውም ቊስል ዘለዓለም እንደ ተከፈተ ይኖራል። ስለዚህ ከዘንባባ ላይ የሚወርደው የደረቀው ዝንጣፊ ብቻ ነው።

3ኛ፤ የመቊረጫ መሣሪያዎች

በብዙ ቦታ መልማዩ የሚይዘው ገጀራና መጥረቢያ ነው። ሁለቱም ለማገዶና ለምንጣሮ የሚጠቅሙ ቢሆኑም ለሕያው ዛፍ ምልመላ አይስማሙም። ምክንያቱም ቅርፊቱን ይሰነጥቃሉ፤ ደግሞም በአንድ እጅ ዛፍ ይዞ በሌላው እጅ ወደ ራሱ የሚሰነዝር ሰው አንድ ጊዜ ቢስት እግሩን ወይም የተንጠለጠለበትን ገመድ ይቈርጣል።

ለሞያው ተስማሚ የሆነው ዋና መሣሪያ እጥፍ ብሎ የተሠራ፣ ጥርሱ ወደ ራስ ሲጎተት የሚቈርጥ የእጅ መጋዝ ነው። ይህ መጋዝ በሰገባው ሆኖ ከመታጠቂያው ጋር ይያያዛል። ከአውራ ጣት ለሚቀጥኑ ቅርንጫፎች የአትክልት መቀስ ይበቃል፤ ከምድር ሆኖ ለመሥራትም በረጅም እንጨት ጫፍ የታሰረ መጋዝ ይጠቅማል። ነገር ግን በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ የብረት ዘንግ መያዝ ክልክል ነው።

የሞተር መጋዝ ሥራን ያፋጥናል፤ ያልተማረ ሰው በዛፍ ላይ ይዞት ሲወጣ ግን ከሁሉ የከፋ አደጋ ያመጣል። የሰንሰለቱ ጫፍ እንጨት ሲነካ በድንገት ወደ ሠራተኛው ፊት ይዘላልና ሁልጊዜ በሁለት እጅ መያዝ አለበት። በዛፍ ላይ በሁለት እጅ መሥራት የሚችለውም በትጥቁ የታሰረ ሰው ብቻ ነው። ይህን ትጥቅ ያላሟላ መሥሪያ ቤት የሞተር መጋዝ ለሠራተኛው ከመስጠት ቢቈጠብ ይሻላል።

መሣሪያ ሁሉ በሞረድ ተስሎ መቀመጥ አለበት። ደነዝ መጋዝ ጕልበት ይጨርሳል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ጥንቃቄውን ይረሳል። ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛ ዛፍ ሲተላለፉም መጋዙን በአልኮል መጥረግ በሽታ እንዳይዛመት ይረዳል።

4ኛ፤ የመውጫ ትጥቅ

ትጥቅ ማለት የመልማዩ ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ነው። ዋና ዋናዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ገመድ። ከቃጫ የተገመደ ገመድና የቆዳ መጫኛ ለጭነትና ለከብት መልካም ናቸው፤ የሰውን ሕይወት ግን ሊሸከሙ አይገባም። ቃጫ እርጥበት ሲያገኝ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ መጫኛም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጕዳታቸውም ከውጭ አይታይም። ዛሬ መልማዮች የሚጠቀሙት ከናይሎንና ከፖሊስተር የተሠራ፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመውጫ ገመድ ነው። በአሜሪካ ደንብ ይህ ገመድ ቢያንስ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ሳይበጠስ መሸከም አለበት። ይህን ያህል ኀይል የተጠየቀበት ምክንያት፣ ሰው በድንገት ሲወድቅ ገመዱን የሚጎትተው ከክብደቱ በብዙ እጥፍ ስለ ሆነ ነው።

ለ. መታጠቂያ። ወገብን ብቻ የሚያስር ቀበቶ ሰው ሲወድቅ ወገቡን ይሰብራል፤ ወይም ሾልኮ ያወርደዋል። ስለዚህ ወገብንና ሁለቱን ጭን የሚይዝ፣ እንደ ወንበር የሚያስቀምጥ ሰፊ መታጠቂያ ያስፈልጋል።

ሐ. ካራቢነር። ይህ ገመድን ከመታጠቂያ ጋር የሚያያይዝ የብረት ማያያዣ ነው። ራሱ የሚዘጋና ራሱ የሚቈለፍ ዐይነት ካልሆነ፣ ቅርንጫፍ ሲነካው ሊከፈት ይችላል።

መ. የሚጨብጥ ቋጠሮ። ካርል ፕሩሲክ የተባለ የኦስትሪያ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው ቋጠሮ ለዚህ ሞያ ትልቅ በረከት ሆኗል። ቀጭን ገመድ በዋናው ገመድ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ሲቋጠር፣ ክብደት በሌለበት ጊዜ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ጨብጦ ይይዛል። ዛሬ ከዚህ የተገኙ ሌሎች ቋጠሮዎችም አሉ፤ የሁሉም መሠረት አንድ ነው።

ሠ. አጭር ማሰሪያ። መልማዩ መጋዝ በሚያነሣበት ጊዜ ከዋናው ገመድ ሌላ በዚህ ማሰሪያ ከግንዱ ጋር ይያያዛል። አንዱ ቢቈረጥ ሌላው እንዲይዘው በሁለት ቦታ ሳይታሰር አይቈርጥም።

ረ. የራስ ቁር፣ መነጽር፣ ጓንትና ቦት ጫማ። እነዚህ በዛፉ ላይ ላለው ብቻ ሳይሆን በምድር ለቆመው ረዳትም ያስፈልጋሉ፤ እንዲያውም ቅርንጫፍ የሚወርድበት እርሱ ነው።

በጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ሹል ስላለም አንድ ነገር እንጨምራለን። ሹሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ግንዱን ስለሚወጋ፣ የሚፈቀደው ከሥሩ ሊቈረጥ በተወሰነ ዛፍ ላይ ብቻ ነው። በሚኖር ዛፍ ላይ፣ ይልቁንም በዘንባባ ላይ፣ በሹል ብረት መውጣት ፈጽሞ አይገባም።

ገመድና መታጠቂያ ከፀሓይ፣ ከቤንዚንና ከባትሪ አሲድ ርቀው በጥላ ይቀመጡ። የተገዙበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ በየማለዳውም ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየተዳሰሰ ይመርመር። የተቈረጠ ክር ወይም የደነደነ ቦታ ከተገኘበት ለሰው መውጫ መሆኑ ይቅር።

5ኛ፤ የሥራው አካሄድ

መልማዩ ሥራውን የሚጀምረው ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ነው። ተስማሚው ወቅት ክረምት ካለፈ በኋላ ያለው የበጋ ወራት ነው፤ በክረምት ቅርፊት ያዳልጣል፤ መብረቅም ያሠጋል።

በመጀመሪያ ዛፉን ዙሪያውን ይመረምራል። በሥሩ አጠገብ ምድሩ ተሰንጥቋልን? በግንዱ ላይ የጅብ ጥላ በቅሏልን? ግንዱ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣልን? ንብ ወይም እባብ አለበትን? የጅብ ጥላ የበቀለበት ግንድ ውስጡ እንደ በሰበሰ ያመለክታልና እንዲህ ባለ ዛፍ ላይ አይወጣም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለ፣ መብራት እንዲቋረጥ ሳያስደርግ አይነካውም። በአሜሪካ ደንብ በሞያው ልዩ ትምህርት ያልተሰጠው ሰው፣ እስከ 50 ሺሕ ቮልት ካለው ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር እንዲርቅ ታዝዟል። እርጥብ ቅርንጫፍም ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አይዘንጋ።

ቀጥሎ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት በቀጭን ሲባጎ ታስሮ በጠንካራ ባላ ላይ ይወረወራል፤ በሲባጎውም ዋናው ገመድ ይሳባል። ሁለቱ ሠራተኞች ገመዱን በክብደታቸው ሞክረው ባላው መጽናቱን ካረጋገጡ በኋላ መልማዩ ቋጠሮውን እያንሸራተተ ይወጣል። ረዳቱ ደግሞ ቦታውን በገመድ አጥሮ መንገደኛ ይከለክላል። ከላይ ያለው «ይወርዳል!» ሲል፣ ከታች ያለው ዐይቶ «ይውረድ!» ብሎ ሳይመልስ ምንም ነገር አይቈረጥም።

ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቈረጣ ይወርዳል። በፊት ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከበታች በኩል እስከ ሲሶው ይቈረጣል። ሁለተኛው ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ ርቆ ከላይ ይቈረጣል፤ በዚህ ጊዜ ቅርንጫፉ ቅርፊት ሳይገነጥል ይወድቃል። ሦስተኛው ቀሪውን ጉቶ ከአንገትጌው ወጣ ብሎ ያነሣል። የበታቹን ቈረጣ የተወ ሰው ቅርፊቱ እስከ ግንዱ ተገንጥሎ ያገኘዋል፤ ቅርንጫፉም በቅርፊቱ ተንጠልጥሎ ወደ ሠራተኛው ሊዞር ይችላል።

ቤትና ሽቦ ባለበት ስፍራ ቅርንጫፉ በሌላ ገመድና በመዘውር ታስሮ በዝግታ ይወርዳል። የእንጨትን ክብደት መገመት እዚህ ላይ ያስፈልጋል። እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት ክብደቱ ከውሃ ክብደት ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቁራጭ 140 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ቁራጭ ከ10 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ፣ ምድር ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅጠል ከሩብ በላይ ማንሣት አይገባም። የጥላን ዛፍ ዐናቱን መቊረጥ ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። ከቈረጣው በኋላ የሚወጡት ቀንበጦች በቅርፊት ላይ የተለጠፉ ያህል ደካሞች ስለ ሆኑ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከብደው ይገነጠላሉ፤ አደጋውም ካለፈው ይብሳል።

ለማዳን የሚሆን ዝግጅትም ከሥራው ጋር መጓዝ አለበት። በመታጠቂያው ላይ ራሱን ስቶ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ በእግሩ ስለሚቋጠር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ዛፍ መውጣት የሚችል ሁለተኛ ሰው ሁለተኛ ትጥቅ ይዞ በምድር መገኘት ይገባዋል። ብቻውን ወደ ዛፍ የሚወጣ መልማይ ሊኖር አይገባም።

6ኛ፤ ስለ ሠራተኛው ኑሮ

እስካሁን የጻፍነው ሁሉ ሊፈጸም የሚችለው አሠሪው ሲፈቅድ ነው። ይህን የምጽፈው በራሴ ላይ ከደረሰው በመነሣት ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ የጎዳና ዛፎች ቅርንጫፍ ለበዓል እንዲጸዳ ታዘዘ። ሥራው ለአንድ ጎልማሳ በዛፍ ቍጥር ሒሳብ ተሰጠ፤ ቅርንጫፉም ለማገዶ የእርሱ እንዲሆን ተስማማ። ውሉን ተመልክተው ካጸደቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። በውሉ ላይ የዛፎቹ ቍጥር፣ የሚያልቅበት ቀንና ዋጋው በሚገባ ተጽፏል፤ ስለ ገመድና ስለ ረዳት ግን አንዲት ቃል አልነበረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሰውዬው መሰላልና መጥረቢያ ይዞ በአሮጌ የቃጫ ገመድ ወገቡን አስሮ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ከበታች ሳይቈረጥ ተገነጠለ፤ ዞሮም መሰላሉን መታ፤ ገመዱም ተበጠሰ። የወደቀው ከ6 ሜትር ያህል ከፍታ ነው። ነፍሱ ብትተርፍም ዳሌው ተሰብሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ዛፍ አልወጣም።

ሄጄ በጠየቅሁት ጊዜ ማንንም አልከሰሰም። «ገመዱ አሮጌ መሆኑን ዐውቅ ነበር፤ ሌላ ግን አልነበረኝም፤ ለመግዛትም የሥራው ዋጋ አይበቃም ነበር» አለኝ። በአጸደቅነው ሒሳብ ላይ ተመልሼ ብሰላው የተናገረው እውነት ሆኖ አገኘሁት። የአንድ ደኅና ገመድና መታጠቂያ ዋጋ ቢጨመርበት ኖሮ ለዚያ መሥሪያ ቤት ከባድ አልነበረም።

በዛፍ ቍጥር የሚከፈል ሰው መቸኰሉ አይቀርም፤ በቅርንጫፍ የሚከፈልም ዛፉ ከሚያስፈልገው በላይ ይቈርጣል። ስለዚህ ጥፋቱ በሠራተኛው አላዋቂነት ብቻ የሚመካኝ አይደለም፤ ከውሉ አጻጻፍ ይጀምራል።

7ኛ፤ ማጠቃለያ

የጎዳና ዛፍ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ውል ሲጽፉ ገመድ፣ መታጠቂያ፣ የራስ ቁርና ረዳት በዋጋው ውስጥ እንዲገቡ ያድርጉ፤ ክፍያውም በዛፍ ቍጥር ሳይሆን በቀን ይሁን። ትጥቁን መሥሪያ ቤቱ ገዝቶ በመዝገብ ቢያኖረው ለብዙ ሠራተኞች በየተራ ያገለግላል።

ገበሬው ለከብቱ ቅጠል ሲያወርድ አንገትጌውን ይጠብቅ፤ ከሩብ በላይ አይውሰድ፤ ልጆቹን በመጫኛ አስሮ ወደ ላይ አይስደድ። ከምድር ሆኖ በረጅም መጋዝ የሚሠራው ሥራ ካለ እርሱን ያስቀድም።

የከተማ ነዋሪ ደግሞ በግቢው ያለውን ዛፍ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይመልከት። የደረቀ ቅርንጫፍ ካየ በርካሽ የሚወጣ ሰው ከመፈለግ፣ ሊያስመለምል የጠራውን ሰው «ገመድህን አሳየኝ፤ ረዳትህስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀው። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ሁለት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ጎልማሳ ዛሬ በሁለት እግሩ በቆመ ነበር።